ያለቀስኩለት ሰው በእውነት ኖሯል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን፣ ታሪካዊ ልብ ወለድ ሲያነቡ የተሰማችሁን ጻፉልን ብለን አንባቢዎቻችንን ጠይቀን ነበር። የጠበቅነው «ወደድኩት»፣ «ሰለቸኝ» የሚሉ አጫጭር አስተያየቶችን ሲሆን፣ የደረሱን ግን ሰው ለቅርብ ወዳጁ እንጂ ለመጽሔት የማይጽፋቸው ዓይነት ደብዳቤዎች ናቸው። አምስቱን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥረን ከመልሶቻችን ጋር አቅርበናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ስለ አንድ የጦርነት ዘመን የተጻፈ ልብ ወለድ ሳነብ፣ አንዲት ወጣት ነርስ የሞተችበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ እንደ ዘመድ አለቀስኩላት። ለብዙ ቀናት ከሐሳቤ አልወጣችም። ስለ እርሷ የበለጠ ለማወቅ ጓጉቼ ስፈልግ፣ ጦርነቱም ሆስፒታሉም እውነት ሆነው ልጅቷ ግን የደራሲው ፈጠራ መሆኗን ከመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ የተታለልኩ ይመስለኛል። ላልኖረች ሰው ማልቀሴ ሞኝነት ነው? ደራሲውስ እንዲህ የማድረግ መብት አለው?

መልስ፦ ሞኝነት አይደለም። ተታለልኩ ማለትዎም ቢሆን እንዲሁ የሚናቅ ቅሬታ አይደለምና ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

ሰው ስለ ዘመኑ ኑሮ የተጻፈ ልብ ወለድ አንብቦ ቢያለቅስ፣ የሞተችው ሴት በእውነት ኖራ እንደሆነ ለማጣራት መዝገብ አያገላብጥም። ታሪካዊ ልብ ወለድ ግን የሚታወቅ ጦርነት፣ በካርታ ላይ ያለ ከተማ፣ በሰነድ የሰፈረ ቀን አስቀድሞ እያሳየ አመኔታዎን ካገኘ በኋላ፣ በዚያው አመኔታ ተከልሎ የፈጠራቸውን ሰዎች ጭምር ይዞ ይገባል። ከባለቤቱ ጋር ተያይዞ ወደ ቤት የገባን እንግዳ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እርስዎም ነርሷን ያልጠየቋት ከጦርነቱ ጋር ስለገባች ነው፤ ቅሬታዎ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

ይህን ቅሬታ ከእርስዎ በፊት ያነሣው ሰው ማን እንደሆነ ሲሰሙ ይገረሙ ይሆናል። ጣሊያናዊው ደራሲ አሌሳንድሮ ማንዞኒ «እጮኛሞቹ» የተሰኘውን ልብ ወለዱን መጀመሪያ በ1827 ካሳተመ በኋላ፣ ቋንቋውን እንደገና አርሞ ከ1840 እስከ 1842 ባሉት ዓመታት ለሁለተኛ ጊዜ አወጣው። ታሪኩ ከ1628 እስከ 1630 ባለው ጊዜ በሎምባርዲያ ምድር የሚካሄድ ሲሆን፣ ረኃቡ፣ የዳቦው ረብሻ፣ ሚላኖን ያወደመው የ1630ው ወረርሽኝ፣ የከተማዋ ካርዲናል ፌዴሪኮ ቦሮሜዮ ሁሉም በእውነት የነበሩ ናቸው። ለመጋባት የሚንከራተቱት ሬንዞና ሉቺያ ግን የፈጠራ ሰዎች ናቸው፤ ተራኪው ከአንድ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ አገኘሁት የሚለው ታሪክም ራሱ ፈጠራ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል የተዋጣለት ሰው በ1850 ባሳተመው ድርሳን፣ የታሪካዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከማይወጣበት አጣብቂኝ ውስጥ እንደሚገኝ ጻፈ። አንባቢው እውነቱን ከፈጠራው ለይልኝ ቢለው ትክክል ነው፤ ደራሲው ግን ቢለይለት ድርሰቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ባይለይለት ደግሞ ታሪክን ያበላሻል። ማንዞኒ መፍትሔ አላገኘም፤ ራሱም ከዚያ መጽሐፍ ወዲያ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም።

ስለዚህ ደራሲው መብት አለው ወይ ለሚለው ጥያቄዎ የእኔ መልስ፣ መብቱ አለው፣ ነገር ግን ዕዳም አለበት የሚል ነው። የእርስዎ ደራሲ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነርሷን እኔ ፈጠርኳት ማለቱ ዕዳውን መክፈሉ ነው። ይህን ማስታወሻ የማይጽፉ ብዙዎች አሉ፤ እኔ የምቀየመው በእነርሱ ነው።

ወደ እንባዎ ልመለስ። በዚያው በማንዞኒ መጽሐፍ፣ በ34ኛው ምዕራፍ፣ አንዲት እናት የሞተች ትንሽ ልጇን ነጭ ልብስ አልብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ታቅፋ ከቤቷ ደጃፍ ትወጣለች፤ አስከሬን የሚጭነውንም ሰው፣ ልጇን ማንም እንዳይነካት፣ እርሷው ራሷ በጋሪው ላይ እንድታኖራት እንዲፈቅድላት ትለምነዋለች። ልጅቷ ቼቺሊያ ትባላለች። ከገጽ አንድ ገደማ የማይበልጠው ይህ ታሪክ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ አንባቢ ሲያስለቅስ የኖረ ነው። ብዙ አንባቢ ደግሞ፣ ይህን ያህል የሚያስለቅስ ነገር ደራሲው አስቦ የፈጠረው መሆን አለበት ብሎ ይጠረጥራል። ሆኖም ማንዞኒ መነሻውን ያገኘው ካርዲናል ቦሮሜዮ ስለ ወረርሽኙ ጽፎ ከተወው ምስክርነት ነው። ስድስት መቶ ገጽ ያህል የተከተልናቸው እጮኛሞች ያልነበሩ ሲሆኑ፣ ብቅ ብላ የጠፋችው ልጅ ግን ሳትኖር አልቀረችም።

ይህን የማነሣው የእንባ ብዛት የእውነት መለኪያ አለመሆኑን ለማሳየት ነው፤ በሁለቱም በኩል አይለካም። ስላለቀሱ ነርሷ አልኖረችም፤ ስላልኖረች ደግሞ ልቅሶዎ ውሸት አይሆንም። በዚያ ጦርነት በዚያ ዓይነት ሆስፒታል የሞቱ ነርሶች ነበሩ፤ መዝገቡ የያዘላቸው ቢበዛ ስምና ቀን ነው፤ ደራሲው ከእነዚያ መዝገቦች ተነሥቶ አንዲት ሙሉ ሰው ሠራ። ያዘኑት ለዚያ ዓይነቱ ሞት ነው፤ ያ ሞት ደግሞ ደርሷል። የማይሆነው፣ ነርሷ በሞት አፋፍ ላይ የተናገረችውን ቃል ወስዶ «በዚያ ጦርነት ነርሶች እንዲህ ይሉ ነበር» ብሎ ማስረጃ ማድረግ ነው። የደራሲውን ማስታወሻ በተመለከተ፣ እኔ ሁልጊዜ የማነበው መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ በጥርጣሬ እያየ ስለሚሄድ ለማንም ማዘን ይሳነዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ ጥንታዊ የጦር መሪ ሕይወት ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ አንብቤ ሰውየውን እጅግ ወደድኩት። ሲያሸንፍ ደስ አለኝ፤ ሲከዱት ተናደድኩ። ታላቅ ወንድሜ ግን ያ ሰው ከተሞችን አቃጥሎ ሕዝብ የፈጀ መሆኑን ነግሮኝ፣ «አንተ ነፍሰ ገዳይ ነው የወደድከው» ብሎ አሳፈረኝ። ልቤ እንዲህ በቀላሉ የሚወሰድ ከሆነ በራሴ ፍርድ እንዴት ልተማመን?

መልስ፦ ወንድምዎ ስለ ሰውየው የነገሩዎት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ልብዎ ግን የተሳሳቱ ይመስለኛል። ልብ ወለድ አንባቢ የሚወደው ደግ ሰውን አይደለም፤ የሚወደው ከጎኑ እንዲቆም የተደረገለትን ሰው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን የነበሩ የሁለት ባለሥልጣኖች ታሪክ ነው። ቶማስ ሞር ንጉሡን የቤተ ክርስቲያን የበላይ አድርጎ ለመቀበል አሻፈረኝ በማለቱ ሐምሌ 6 ቀን 1535 አንገቱ ተቆረጠ፤ ከ400 ዓመት በኋላ በ1935 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመችው። ቶማስ ክሮምዌል ደግሞ ሞርን ለፍርድ ካቀረቡት ሰዎች ዋነኛው ሲሆን፣ እርሱም በተራው በዚያው ንጉሥ ትእዛዝ ሐምሌ 28 ቀን 1540 አንገቱ ተቆረጠ። ሮበርት ቦልት በ1960 ለመድረክ ባቀረበው ተውኔት ሞር የኅሊና ሰው፣ ክሮምዌል ደግሞ ሸረኛ ናቸው። ሂላሪ ማንቴል በ2009 ባሳተመችውና በዚያው ዓመት የቡከርን ሽልማት ባገኘችበት ልብ ወለድ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ፤ ክሮምዌል ብልህ፣ ለቤተሰቡ የሚራራ፣ ከድህነት የወጣ ሰው ሆኖ፣ ሞር ደግሞ መናፍቅ ያላቸውን የሚያሳድድ ደረቅ ሰው ሆኖ ይታያል። ሁለቱም ደራሲዎች የተነሡት ከአንድ ዘመን ታሪክ ነው፤ የተለያዩት አንባቢውን ያቆሙበት ቦታ ነው።

ማንቴል የሠራችውን ሥራ ልብ ብለው ይዩት። መጽሐፉ የሚከፈተው ትንሹ ቶማስ በአባቱ ጫማ እየተረገጠ መሬት ላይ ተዘርሮ ነው። አንድ ጊዜ ከተደበደበ ልጅ አጠገብ የተንበረከከ አንባቢ፣ ያ ልጅ አድጎ ሹም ሲሆን ሊጠላው ቢፈልግ እንኳ አቅም ያጥረዋል። ትረካው ሁሉ አሁን እየሆነ እንዳለ ነገር ይነገራል፤ ተራኪዋ «እርሱ» ስትል ብዙውን ጊዜ ክሮምዌልን ማለቷ ስለሆነ የምናየው ሁሉ በእርሱ ዓይን ነው። በ2012 በወጣው ሁለተኛው ቅጽ ግን ያ የወደድነው ሰው ንግሥት አን ቦሊንን ግንቦት 19 ቀን 1536 ለሞት ያበቃትን ክስ ክር በክር ሲያቀናጅ ከትከሻው ጀርባ ቆመን እናያለን። ፍቅራችን ያኔ ይቆረቁረን ይጀምራል፤ ደራሲዋም የፈለገችው ይህንኑ ይመስለኛል።

በኒው ዮርክ በሚገኘው በፍሪክ ሙዚየም፣ ሐንስ ሆልባይን የሣላቸው የሞርና የክሮምዌል ሥዕሎች ከአንድ ምድጃ በስተግራና በስተቀኝ ተሰቅለው ይገኛሉ። ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ግድግዳ ላይ ሲሆኑ፣ ማንን አተኩሮ እንደሚያይ የሚመርጠው ተመልካቹ ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ግን ይህን ምርጫ ደራሲው ወስዶብናል።

ስለዚህ መጽሐፉን እንደገና ያንሡና አንድ ነገር ይፈልጉ፤ የተቃጠሉት ከተሞች በመጽሐፉ ውስጥ አሉ? ከእሳቱ የሸሸ አንድ ሰው፣ ስም ያለው፣ የሚናገር፣ ታይቷል? ከታየና እርስዎ ሰውየውን ከነጥፋቱ ከወደዱት፣ ያነበቡት ከባድ መጽሐፍ ነው፤ የሚያፍሩበት ነገር የለም። ሟቾቹ እንደ አቧራ በሩቁ ብቻ ከታዩ ግን፣ ወንድምዎ መቆጣት የነበረባቸው በደራሲው ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። እንደ ሌላው ሰው ታሪካዊ ልብ ወለድ አንብቤ መደሰት አልቻልኩም፤ በየገጹ ስህተት እየፈለግሁ እርሳሴን ይዤ እቀመጣለሁ። ይባስ ብሎ ተማሪዎቼ ከልብ ወለድ ያገኙትን ነገር በፈተና ወረቀት ላይ እንደ ታሪክ ይጽፉልኛል። ይህ የመጽሐፍ ዓይነት ከጥቅሙ ጉዳቱ አያመዝንም?

መልስ፦ መምህር፣ እርሳስ ይዘው ከሚያነቡት ወገን እኔም አንዱ ነኝ። አንድ ጊዜ ጥሩ ይሄድ የነበረ ልብ ወለድ ወርውሬ የተውኩት ጀግናው በአንድ ፈረስ፣ ፈረሱን ሳይለውጥ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሌሊት ስለጋለበ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሳስበው ግን መጽሐፉን ያስጣለኝ ፈረሱ አልነበረም፤ ታሪኩ ቀድሞውኑ ስለሰለቸኝ ሰበብ እየፈለግሁ ነበር። ይህን የምጽፈው እርስዎም ራስዎን እንዲጠይቁ ነው፤ የያዘን መጽሐፍ ስህተቱን ያስረሳል፤ ያልያዘን መጽሐፍ ግን ትንሿን ስህተት ግንድ ያስመስላታል።

የዘመን መፋለስ ደግሞ ሁሉም እኩል አይደለም። ቀላሉ የዕቃ ስህተት ነው። ሼክስፒር ስለ ጁሊየስ ቄሳር በጻፈው ተውኔት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በሮም የደወል ሰዓት ይመታል፤ እንዲህ ያለ ሰዓት የታወቀው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በመካከለኛው ዘመን ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ድንች የሚልጥ ገበሬም እንዲሁ ነው፤ ድንች ወደዚያ የተሻገረው ከ1492ቱ የኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነውና። እንዲህ ያለው ስህተት ያስቃል እንጂ አይጎዳም፤ ተማሪም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታረማል።

እዚህ ላይ እርሳስ ለያዝን ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስህተት መስሎን የምናሰምርበት ነገር አንዳንዴ ትክክል ሆኖ ይገኛል። በ1327 በአንድ ገዳም ውስጥ መነጽር ያደረገ መነኩሴ ቢያዩ እርሳስዎን ሳያነሡ አይቀሩም። ይሁንና ጆርዳኖ ዳ ፒሳ የተባለ ሰባኪ በ1306 በፍሎረንስ ባሰማው ስብከት፣ መነጽር የመሥራት ጥበብ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው፣ የሠራውንም ሰው በዓይኑ እንዳየው ተናግሯል። ስላለፈው ዘመን በልባችን የያዝነው ሥዕል ራሱ ከሌላ ልብ ወለድ የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የቋንቋ ነው። በጥንቱ አነጋገር ሙሉ መጽሐፍ ቢጻፍ የሚያነበው አይገኝም፤ ስለዚህ ደራሲ በዛሬ ቋንቋ መጻፉን ይቅር እንለዋለን። ይቅር የማይባለው ዘመኑን የሚያሳብቅ ዘይቤ ነው። የመካከለኛው ዘመን ወታደር «ፍሬኑ ተበጠሰ» ሲባል፣ መነኩሴውም «ባትሪዬ አለቀ» ሲል፣ አንባቢው ከዚያ ዘመን ተስፈንጥሮ ይወጣል። የሚገርመው ይህን ስህተት የሚሠሩት ባላባቱን «ሆይ» እና «እነሆ» እያሰኙ የሚያናግሩት ደራሲዎች ጭምር መሆናቸው ነው።

የሚከብደው ሦስተኛው፣ የአስተሳሰብ ስህተት ነው፤ ተማሪዎችዎንም የሚያሳስታቸው ይህ ይመስለኛል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የምትኖር ልጃገረድ ቤተሰቦቿ የመረጡላትን ባል እምቢ ብላ፣ ስለ ነፃነቷና ስለ መብቷ የዛሬ ሰው በሚናገርበት ቃል ንግግር ስታደርግ ብዙ አንባቢ ያጨበጭባል። እምቢ ያሉ ሴቶች አልነበሩም ማለቴ አይደለም። በ1347 የተወለደችው የሲዬናዋ ካትሪን ቤተሰቧ ሊድሯት ሲነሡ ፀጉሯን ቆርጣ እምቢ አለች። ነገር ግን የእምቢታዋ ቋንቋ የስእለት ቋንቋ ነበር፤ ራሷን ለክርስቶስ ሰጥታለች። ደራሲው እምቢታውን ወስዶ ስእለቱን ሲጥለው፣ ያ ዘመን የእኛው ዘመን ልብስ ብቻ የቀየረ ሆኖ ይቀራል፤ አንባቢውም ከራሱ ሌላ ማንንም ሳያገኝ መጽሐፉን ይዘጋል።

ጉዳቱ ያመዝናል ወይ ላሉኝ፣ አይመስለኝም። ተማሪው የጻፈውን ስህተት ቀይ ብዕር ከማስመር ይልቅ ያነበበውን ምዕራፍ ወደ ክፍል እንዲያመጣው ቢያደርጉና፣ የቱ በሰነድ እንደሚታወቅ፣ የቱ ሊሆን ይችል እንደነበር፣ የቱ ፈጽሞ ሊሆን እንደማይችል ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲከራከሩበት ቢተዉላቸው፣ ልብ ወለዱ ከመማሪያ መጽሐፉ የማይገኝ ነገር ይሰጥዎታል፤ ሊከራከርበት የጓጓ ተማሪ።

ጥያቄ፦ ረጃጅም የጦር ሜዳ ምዕራፎችን እየዘለልኩ ነው የማነበው። «ጦርነትና ሰላም»ንም በዚሁ መንገድ ጨረስኩት። አንብቤዋለሁ ብዬ መናገር እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ደራሲው ራሱ ከእርስዎ የባሰ ነገር አድርጓል። ልዮ ቶልስቶይ መጽሐፉን ከ1865 እስከ 1869 ካወጣ በኋላ፣ ለ1873ቱ እትም ስለ ታሪክ የሚፈላሰፍባቸውን ክፍሎች ከትረካው አውጥቶ ወደ መጨረሻው አዛወራቸው። ነገር ግን ከዘለሉት ሁሉ የቦሮዲኖውን ውጊያ ብቻ ተመልሰው እንዲያነቡ እለምንዎታለሁ። ቶልስቶይ የተወለደው ከዚያ የ1812 ውጊያ 16 ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ እርሱ ራሱ በሴቫስቶፖል ምሽግ ውስጥ የተዋጋ መኮንን ነበር፤ በ1867ም የቦሮዲኖን ሜዳ ሄዶ አይቷል። ውጊያውን የሚያሳየን በአብዛኛው ወታደር ባልሆነውና ነገሩ ሁሉ ግራ በገባው በፒዬር ዓይን ነው። የጦር ምዕራፍ የሚሰለቻቸው ሰዎች ከፒዬር ጋር ሳይግባቡ አይቀሩም።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ተማሪ ነኝ። አያቴ በልጅነቷ በጦርነት ምክንያት ከቤተሰቧ ጋር ከመንደራቸው ተፈናቅላ ነው ያደገችው። ስለዚያው ጊዜ የተጻፈ ልብ ወለድ አግኝቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሕፃናቱ በጭነት መኪና ተጭነው እያለቀሱ መንደራቸውን የሚለቁበት ቦታ ላይ ስደርስ ልቤ ስላልቻለ አቆምኩ። ያን ገጽ ለአያቴ ሳነብላት ግን ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኛ አላለቀስንም። መኪና ላይ ስንወጣ የመጀመሪያችን ስለነበር ደስ ብሎን እንስቅ ነበር። ያለቀሱት ትልልቆቹ ናቸው» አለችኝ። አሁን ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ። መጽሐፉንስ መጨረስ አለብኝ?

መልስ፦ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ያንቺን ደጋግሜ አነበብኩት።

ታሪካዊ ልብ ወለድ በዛሬው መልኩ የተጀመረው አንቺ ካለሽበት ዓይነት ቦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት በ1814 ስሙን ደብቆ ያሳተመው የመጀመሪያው ልብ ወለዱ፣ ነገሩ ከሆነ «ስልሳ ዓመት» እንደሆነው በንኡስ ርእሱ ላይ ይናገራል፤ የሚተርከው በ1745 ስለተነሣው ዐመፅ ነው። ስኮት በዚያ ዐመፅ ውስጥ የነበሩ ሽማግሌዎችን በልጅነቱ አግኝቶ ከአፋቸው ሰምቷል። ከ2010 ጀምሮ በስሙ የሚሰጠው የታሪካዊ ልብ ወለድ ሽልማትም፣ ለውድድር የሚቀርበው መጽሐፍ ታሪኩ በአብዛኛው ቢያንስ ከ60 ዓመት በፊት የሆነ እንዲሆን ይጠይቃል። ስልሳ ዓመት ማለት ነገሩ ታሪክ ለመባል የበቃበት፣ ያዩት ሰዎች ግን አልቀው ያላለቁበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጻፍ መጽሐፍ «እንዲህ አልነበረም» የሚለው ሰው ከቤት ውስጥ ሊነሣበት ይችላል፤ በአያትሽም የሆነው ይኸው ነው።

ማንን ልመን ላልሽው፣ ስለዚያች መኪና አያትሽን እመኚ። ደራሲው የጻፈው፣ ዐዋቂ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያስብ በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለትን ነው፤ ከመንደሩ የሚፈናቀል ሕፃን ያለቅሳል። አያትሽ የነገሩሽን ግን ያላየ ሰው አስቦ አይደርስበትም። ደራሲው ዋሽቷል አልልም፤ ያለቀሱ ልጆች የነበሩባቸው ሌሎች መኪናዎች ሳይኖሩ አልቀሩም፤ አያትሽም የሚያስታውሱት የራሳቸውን ሣቅ እንጂ የሁሉንም አይደለም። እኔን እንደ አንባቢ ብትጠይቂኝ ግን፣ ትልልቆቹ እያለቀሱ ልጆቹ የሚስቁባት መኪና ሁሉም ከሚያለቅሱባት ይልቅ ታስፈራኛለች።

መጽሐፉን መጨረስ ግዴታሽ አይደለም። ልብሽ ያልቻለው የራስሽ አያት በዚያ መኪና ላይ ተቀምጠው ስለታዩሽ ነው፤ ሌላው አንባቢ ያን ገጽ ሲያነብ የሚያየው የማያውቀውን ልጅ ነው፤ ስለዚህ ሌሎች ጨርሰውታል ተብሎ በአንቺ ላይ የሚፈረድ ነገር የለም። ከፈለግሽ ለጥቂት ወራት አስቀምጪው። እስከዚያው ግን ደብተር ይዘሽ ከአያትሽ ዘንድ ተቀመጪ። ምን ተሰማሽ ብለሽ አትጀምሪ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ሰው ዝም ያሰኛል። የሚታይ የሚዳሰሰውን ጠይቂያቸው፤ መኪናው ላይ ማን አወጣቸው፣ ከማን አጠገብ ተቀመጡ፣ ምን ይዘው ወጡ፣ ሣቁ የቆመው የት ሲደርሱ ነው። ያሉትን ሳታሳምሪ በራሳቸው ቃል ጻፊ፤ ቀኑንም መዝግቢ። ዝም ካሉሽ ደብተሩን አጥፈሽ ሌላ ጨዋታ አምጪ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ራሳቸው ያነሡት ይሆናል። የመኪናውንም ቀለም መጠየቅ እንዳትረሺ።